አንድም የተከፋ ሰው የሌለበት መንደር

ያንግጂማል፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2013

ለተከበሩ አክስቴ ለታክ ኩምሬ፤
ቦኹም፣ ጀርመን

ውርጩ ከወረደ ወዲህ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኛ እዚህ ያለነው፣ ከበሬዬ ጀምሮ እስከ ራሴ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን የምለው እንደ ወትሮው የሰላምታ ወግ እንዳይመስልዎ። ዘንድሮ ደህና መሆናችንን ወረዳው በጽሑፍ አረጋግጦልናል!

እርስዎ የአባቴ የአጎት ልጅ ብቻ ሳይሆኑ ከዘራችን የወጡ ብቸኛዋ ነርስ ስለሆኑ ይህን የምሥራች ከማንም በፊት መስማት ይገባዎታል። ነገሩ እንዲህ ነው። ወረዳው «የድባቴ ልየታ» የሚባል ነገር አወጀ። ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይሞላል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል? ምግብ አስጠልቶዎታል? የሚወዱት ነገር ሁሉ ለዛው ጠፍቶብዎታል? እያለ ይወርዳል። ዘጠነኛው ደግሞ ሰው ፊት የማይባል ነው፤ «ብሞት ይሻለኛል ብለው ያውቃሉ?» ይላል፣ ያለምንም ሐፍረት። መልሱ በቁጥር ነው። በጭራሽ ከሆነ ዜሮ፣ አንዳንድ ቀን ከሆነ አንድ፣ ከግማሽ በላይ ቀን ከሆነ ሁለት፣ በየቀኑ ለማለት ሦስት።

ጤና ኬላችንን ብቻዋን የምትመራው ወጣቷ ነርስ ኦክ አርባ ሦስት ቅጽ አስታቅፋኝ «ሹም ታክ፣ ለየሰዉ ያድርሱልኝ» አለችኝ። ሰዉ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ተክሎ ገና ወገቡን አላቀናም። በዚህ ላይ እርስዎ እንደሚያውቁት ለማዳበሪያውም ለድጎማውም እያልን የመንደሩ ሰው ሁሉ በፊርማ ፋንታ የሚመታው የስም ማኅተም እኔ ዘንድ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እኔም ሕዝቤን ከማንከራትት ብዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሩዝ ጠላዬ ጋር ቁጭ አልኩና ለሁሉም ሞላሁ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤ ከዚያ ማኅተም። ለመንደራችን ባልቴት ለአያቴ ፒዮ እንቅልፍ ላይ አንድ ጽፌ ነበር፤ በኋላ ወሬ እንዳይሆንባቸው ብዬ አጠጋግቼ ዜሮ አደረግሁት። ሕዝቤን አውቀዋለሁ እኮ!

ውጤቱ መጣ። በወረዳው ካሉት መንደሮች ሁሉ ያለ አንድ እንከን ያለፈው ያንግጂማል ብቻ ነው። መግቢያው ላይ «አንድም የተከፋ ሰው የሌለበት መንደር» የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ሜትር ነው። ዲሴምበር 20 ባለሥልጣናቱ ሽልማት ይዘው ይመጣሉ። ስለዚህ ልመናዬ አንድ ናት፤ በዕለቱ የማነበው የደስታ መልእክት ከጀርመን አገር ይላኩልኝ። ከግርጌው የሆነ ማኅተም ቢኖርበት ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

ባለቤቴ፣ የቴሆ እናት፣ ሰላም ብላዎታለች። ዘንድሮ ለክረምቱ ጎመን በጨው ዘፍዝፋ ኪምቺ አልጣለችም፤ ሆዷን ትንሽ ይላታል። ጎመኑ ማሳው ላይ ቀርቷል፤ ግድ የለም፣ የገበያውም ኪምቺ አይጠላም። አሥራ አንድ ዓመት ያስታመመቻት እናቴ በጸደይ ካረፈች ወዲህ ሁሉም ሰው «እንግዲህ ዕረፊ» ብሏታል፤ እያረፈች ነው።

አክባሪዎ፣ የያንግጂማል መንደር ሹም ታክ ዱሺክ


ቦኹም፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2013

ለዱሺክ፤

ጉልበቴ ያው እንደምታውቀው ነው። ዓይኔ ግን ጤና ስለሆነ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቤታችሁን ጤና ይስጠው፤ ይህን ምርቃት ደግሞ ዝም ብዬ አይደለም የጻፍኩት።

አርባ ሦስት ሰው፣ ገሚሱ ከሰባ በላይ፣ ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ሽንኩርት ሲተክል ከርሞ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዱ እንኳ እንቅልፍ አላጣም? እኔ በዚህ አገር ስንት ዓመት በሽተኛ ያስታመምኩ ሴት ነኝ፤ ዘጠኙንም ዜሮ የሚመልስ ወይ ሬሳ ነው ወይ የመንደር ሹም ነው።

ስለ ባነሩ ርዝመት በሜትር ነገርከኝ። ስለ ሚስትህ የጻፍከው ግን ከፊርማህ በላይ የተወሸቀች ጥግ ላይ ነው። እዚያ በመጣሁ ጊዜ ፒልሱን ሰማንያ ራስ ጎመን በሁለት ቀን ስትጨርስ፣ ያውም እየዘፈነች፣ ያውም ጎረቤቶቿን «ጨው አበዛችሁ!» እያለች ስትቆጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺ ሴት ጎመኗን ማሳ ላይ ጥላ ከቀረች ሆድ አይደለም የታመመው።

የደስታ መልእክት አልልክም። ይልቅስ አንድ ነገር መልስልኝ፤ የፒልሱንን ቅጽ የሞላው ማነው? ሁለት መስመርም ትሁን፣ እሷ በእጇ ትጻፍልኝ።

አክስትህ ኩምሬ


ያንግጂማል፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2014

ለተከበሩ አክስቴ፤

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ፤ በረዶው አያዳልጥዎ፤ ያዘገየሁበትን ጥፋቴንም ይቅር ይበሉኝ። የሹም ሥራ ያው ነው፣ ማለቂያ የለውም።

በዓሉ አማረ። አሳማ ታረደ፣ የሩዝ ኬክ ተከፋፈለ፣ የወረዳው ሹም ምክትል «ደስታ ከያንግጂማል ይማሩ!» ብለው ተናገሩ። የእርስዎ መልእክት ደግሞ በጊዜ ስላልደረሰ ራሴው ጽፌ አነበብኩልዎ፤ «በጀርመን ከሚኖሩት ስመ ጥር የሕክምና ሊቅ ከአክስቴ» ብዬ። ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ጭብጨባው አላባራ አለ። እርስዎ በጣም ቆንጆ ነገር ነው የተናገሩት።

ጥያቄዎን አልዘለልኩትም። የቤቱን ቅጽ የሚሞላው የቤቱ አባወራ ነው፤ ማኅተሟም እኔ ዘንድ ነው። ደግሞስ እሷን ከእኔ በላይ ማን ያውቃታል? በበዓሉ አልወጣችም፤ ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ጉንፋን ነው አልኳቸው። እንድትጽፍልዎም ነግሬያታለሁ፤ እጄን ያመኛል አለች።

አሁን ደግሞ ያቺ ነርስ ኦክ ራሴን አዞረችው። ባለፈው ሳምንት ቅጾቹን ተሸክማ ቤቴ መጣች። ሞተሯን አቁማ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ጎንበስ ብላ ሰላም ብላ፣ ከዚያ ጀመረች።

«ሹም ታክ፣ አርባ ሦስቱም ሰው በአንድ እስክሪብቶ ነው የጻፉት?»

«መንደራችን ቆጣቢ ነው» አልኳት።

«ዜሮውንስ ሁሉም አንድ ዓይነት ጅራት ነው የሚያወጡለት?»

«አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው።»

«አያቴ ፒዮ ዓይናቸው አያይም እኮ!»

«ለዚህ ነው የረዳኋቸው።»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቀችም። «ልከስዎት አልመጣሁም» አለችኝ። «በየሳምንቱ ሰው ወደ እኔ ይመጣል፤ ሆዴን ይላል፣ ደረቴ ጨነቀኝ ይላል፣ ራሴን ይላል። ክኒን ሰጥቼ እሰዳለሁ። ለካ ከጀርባው ያለውን ጠይቄ አላውቅም። አሁን ልጠይቅ ስል እርስዎ መለሱልኝ። ባለቤትዎ በስድስት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጡ ያውቃሉ?»

«ሆዷን ነዋ!»

«ሰባት ጊዜ፣ ሹም ታክ። ሰባት ጊዜ ሆዳቸውን ጠየቅኋቸው።»

ሁሉም ሰው እንደገና ለየብቻው ይጠየቅ ትላለች። ባነሩ ከተሰቀለ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ እስቲ ያስቡት! የሽልማቱ መስተዋት እንኳ አቧራ አልነካውም። ደግሞስ «መሞት ታስቢያለሽ ወይ» ብሎ ሰው ላይ መወርወር ያልነበረ ሐሳብ ጭንቅላት ውስጥ መክተት አይሆንም?

የቴሆ እናትን ወደ ወረዳው ከተማ ሆስፒታል ወስጃት ነበር። በጉሮሮዋ ቱቦ አስገቡ፣ ሆዷን በማሽን አዩ፣ ደረቷን ፎቶ አነሱ፣ ሁሉም «ንጹሕ ነው» አሉ። እነሱ ንጹሕ ነው ባሉ ቁጥር እሷ እንደተወቀሰ ሰው አንገቷን ትደፋለች። ቤት ስንመለስ ከሥር እሳት አንድዳ የእናቴን ክፍል ወለል ታሞቅና እዚያ ገብታ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ትቀመጣለች። «ምን ትሠሪያለሽ?» ስላት «ምንም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ምንም አትሠራም።

ስለዚህ ልመናዬን ለውጫለሁ፤ መልእክቱ ይቅርና ለሆድ የሚሆነውን የጀርመን ጠብታ ይላኩልኝ። ያ የሚመረው።

አክባሪዎ ዱሺክ


ቦኹም፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2014

ለዱሺክ፤

ጤና ለቤትህ፣ ልብ ለአንተ ይስጥህ። ጠብታ አልልክም።

የምነግርህን ለእናቴም ነግሬያት አላውቅም። እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ክረምት ሆዴን ታመምኩ። አራት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ አራቱም ሆዴን አዩት። ሆዴ ምንም አልነበረውም፤ የታመመችው ባለቤቱ ነበረች። እናንተ ግን በየወሩ ምን ይደርሳችሁ ነበር? «ድንቹ ተስማምቶኛል፣ በረዶው ያምራል፣ ፎቶ ልኬያለሁ» የሚል ደብዳቤ። አባትህ ለመንደሩ ሁሉ ጮክ ብሎ ሲያነበው እንደነበር ሰምቻለሁ። ስለዚህ ልጄ፣ «ትንሽ ሆዷን ይላታል» ብለህ ስትጽፍልኝ፣ ይህን ዓይነቱን ደብዳቤ መጻፍ ከአንተ በፊት የተካንኩበት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ሄድቪግ የምትባል አብራኝ የምትሠራ ነርስ ምሳ ሰዓት ላይ የአንሶላ ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋች። «ኩምሬ፣ መሞት ያሰኝሻል?» አለችኝ። ድንች ልጨምርልሽ እንደማለት ነው ያለችው፣ በዚያው ድምፅ። ያን ሐሳብ እሷ አልከተተችብኝም፤ ከከረመ ቆይቷል። ያደረገችው ነገር ቢኖር፣ ብቻዬን የተሸከምኩትን በአንዱ ጫፍ ማንሳት ነው። ያን ቀን እንደዚያ ባትጠይቀኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሰው አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። ለየሰዉ ማኅተሙን መልስ። ነርሷ እንዳለችው ሁሉም ይጠየቅ፤ ፒልሱን ደግሞ መጀመሪያ ትጠየቅ። አንተ እዚያ አትገኝ፤ በሩ ላይም አትገኝ። ነርሷንም ጠይቃት፤ አንድ ሰው «አዎ» ካላት ወዴት እንደምትልከው፣ በስንት ቀን እንደሚታይ፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚከታተለው አስቀድማ ታውቃለች ወይ? ጠይቆ ወረቀቱን ፋይል ውስጥ መክተት አለመጠየቅ ነው።

በእጅህ ያለውን የፀረ ተባይ መርዝ መጋዘን ቁልፍ ደግሞ ዛሬውኑ ከቤትህ አውጥተህ ለነርሷ ስጣት። ለምን ብለህ አትጻፍልኝ። ስጣት።

አክስትህ ኩምሬ


ያንግጂማል፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2014

ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከአሥር ቀን ስድብ በኋላ በሕይወት አለሁ።

ደብዳቤዎ እንደ ደረሰኝ አንድ ቀን አሰብኩበት፤ በማግስቱ ጠዋት፣ ሁሌ ማስታወቂያ በምናገርበት ሰዓት፣ ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩ። «አህ፣ አህ፣ አንድ ሁለት። የመንደራችሁ ሹም ታክ ዱሺክ ነኝ። ጎረቤቶቼ፣ በኖቬምበር ወር ሁላችሁም ደስተኞች ነበራችሁ ብዬ ለመንግሥት ያሳወቅሁት እኔ ነኝ። አልጠየቅኋችሁም። ማኅተማችሁን ከቤቴ መጥታችሁ ውሰዱ፤ ከተቻለ ዱላ ሳትይዙ።»

መጀመሪያ የደረሱት አያቴ ፒዮ ናቸው፤ ዱላ ይዘው፤ ግን ያው መንገድ የሚፈልጉበት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ዓይኔ ከጠፋ ስድስት ዓመት፣ ባሌ ከሞተ አራት ዓመት። ደስተኛ ናቸው ብለህ ለመንግሥት ስትነግር ትንሽ እንኳ አላፈርክም?»

«ጥፋቴ ነው፣ አያቴ።»

«በል ቆርቆሮውን አቅርብልኝ። የእኔን በእጄ አውቀዋለሁ።»

አርባ ሦስቱን ዳብሰው የራሳቸውን አወጡ። ከዚያ ወደ ጤና ኬላው ምሩኝ አሉ። እግረ መንገዳቸውን ስለ ዘር ማንዘሬ የተናገሩትን እርስዎንም ስለሚነካ አልጽፈውም።

የነርስ ኦክ ነገር የሚገርም ነው። መስኮቱ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ተራ ጠባቂው ዘንድ ራዲዮ ከፍ አድርጋ አስቀመጠች፣ ከውስጥ የሚወራው እንዳይሰማ። ቅጹን ቀድማ አታወጣውም፤ መጀመሪያ ደም ግፊት ትለካለች፣ ስለ ሆድ፣ ስለ ወገብ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ስለ እንቅልፍ፣ እንዲህ እያለች ቀስ ብላ ዘጠኙንም ታዳርሳለች። እርስዎ ያሉትንም ጠይቄያታለሁ፤ ለካ ቀድማ ተዘጋጅታለች። አሥርና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው በሳምንት ውስጥ የወረዳው ሆስፒታል ሐኪም ያየዋል፤ እሷ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ቤቱ ትሄዳለች።

ሰዉ መጀመሪያ ፈራ። ከዚያ ግን ያንግጂማል ያው ያንግጂማል ነው፣ በሦስተኛው ቀን አዳራሹ ውስጥ ፉክክር ተጀመረ።

«እኔ አሥራ ሁለት አመጣሁ!»

«አሥራ ሁለትማ ምን አላት? እኔ አሥራ ስድስት!»

«አንተማ ድሮም ፊትህ አሥራ ስድስት ይመስላል!»

ከአርባ ሦስታችን አሥራ አንዱ ከአሥር በላይ ሆነ። የወረዳው ሰውዬ ደወለልኝ። «ሹም ታክ፣ በሦስት ወር ውስጥ መንደሩን ምን አደረጋችሁት?» አለኝ። «ጠየቅናቸው» አልኩት። በማግስቱ መጥተው ባነሩን አወረዱት፤ ሽልማቱንም ወሰዱ። አሳማውን መመለስ ግን አልቻልንም።

አሁን ወደ ቴሆ እናት ልምጣ። በፒካፕ መኪናዬ ራሴ ወሰድኳት። አትገኝ ብለውኛል፤ ግን ያ ሁሉ ብርድ ነበር፣ አግዳሚው ደግሞ ያለው በሩ አጠገብ ነው። ራዲዮኑን እያዳመጥኩ ነበር። በሩ ቀጭን ነው፣ ተንሸራታች። ነርሷ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ሳላስበው ሳልኩ። ከዚያ የቴሆ እናት «ዜሮ» ስትል ሰማሁ።

በጠቅላላው አሥራ አራት አምጥታለች። አሥራ አራት! ቅጹ ላይ እኔ ዜሮ ያልኩላት ሴት። እጄን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሐኪሙ ክኒን ሰጥቷታል፤ ይኸው አምስተኛ ቀኗ ነው፣ ትውጣለች። «እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል» ብለዋል። ግን አክስቴ፣ ዘጠነኛው ዜሮ ነው! ያኛው እኔ የሞላሁት ዜሮ አይደለም፣ ከራሷ አፍ የወጣ ነው። ስለዚህ የመጋዘኑን ቁልፍ ነገር ተውኩት፤ የእርሻ ወቅት እየመጣ ነው፣ በየቀኑ ከነርሷ ስለምን እያልኩ ልኖር ነው?

ትናንት ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። ልትጽፍልዎ ነው። አላነበውም ብያታለሁ።

አክባሪዎ ዱሺክ


ያንግጂማል፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2014

ለተከበሩ አክስታችን፤

እንደምን ነዎት? ጽሕፈቴ አያምርም። ሁለት መስመር ብለውኝ ነበር፤ ይቅርታ፣ ትንሽ ይረዝማል። ፖስታ ቤት ራሴ እወስደዋለሁ። የቴሆ አባት አላነብም ብሏል። ያነባል።

ነርሷ ጥሩ ልጅ ናት። ስምንቱን እውነቱን ነገርኳት። ዘጠነኛው ላይ ሰውዬው ሳለ። ያንን ሳል አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ እኔ የማይባል ነገር ልናገር ስል የሚስለው ሳል ነው። ክፋት የለውም፣ ያመልጠዋል። ዜሮ አልኳት።

ዜሮ አይደለም።

እናቱን አሥራ አንድ ዓመት አነሳሁ፣ አስተኛሁ፣ አጠብኩ። በመጨረሻ ስሜንም ረስተው «አንቺ ሴትዮ» ነበር የሚሉኝ። ሲሞቱ ሁሉም ሰው ዕረፊ አለኝ። እኔ ግን ገላቸውን የማጥብበት ሰዓት ሲደርስ እጄ ሄዶ ውኃ ያሞቃል። አንድ ቀን ገንዳውን ሞልቼ፣ ፎጣውን አጣጥፌ፣ ከዚያ ነው ትዝ ያለኝ። የሚታጠብ ሰው የለም። ውኃው እስኪቀዘቅዝ እዚያው ተቀመጥኩ።

መሞት እፈልጋለሁ ማለቴ አይደለም። ግን «ብሞት ይሻላል» የሚለው ነገር አሁን አሁን እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ሲገባ አልደነግጥም። አለመደንገጤ ነው ያስፈራኝ። በመጋዘኑ በኩል ማለፍ ትቼ በላይኛው መንገድ እዞራለሁ። ሰውዬው ለምን ትዞሪያለሽ ሲለኝ ጭቃ ነው እለዋለሁ። ጭቃ የለም።

ነርሷ ተመልሳ ብትጠይቀኝ እንደገና ዜሮ እላለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ። አንዴ ያልኩትን ማጠፍ አልችልም፣ ልጅቷም ታፍርብኛለች። እርስዎ ነርስ ነዎት። እርስዎ ይንገሩልኝ። የጤና ኬላውን ስልክ ከታች ጽፌያለሁ።

ጉልበትዎን ሙቅ ነገር ያድርጉበት።

ፒልሱን


ቦኹም፣ ማርች 7 ቀን 2014

ለልጄ ለፒልሱን፤

ሰላምሽ ይብዛ። ይህ ደብዳቤ እጅሽ እስኪገባ ዘጠኝ ቀን ይፈጃልና የምነግርሽ አዲስ ነገር የለም፤ ዛሬ የሆነውን ሁሉ አንቺም ነበርሽበት። ግን ከወዲህ ማዶ እንዴት እንደነበረ ማወቅ አለብሽ ብዬ ነው።

ፖስተኛው ጠዋት መጣ። ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። በር ሳልዘጋ ገባሁና ከታች በጻፍሽው ቁጥር ደወልኩ። ከድንጋጤዬ ግማሹን በጀርመንኛ ነው የተናገርኩት፤ ልጅቷ «አያቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ የማን ቤት ነው?» አለችኝ።

«የሹሙ። ዘጠነኛው ዜሮ አይደለም።»

የሞተሯን ቁልፍ ስታነሳ ተሰማኝ። «ያን ዜሮ ከጻፍኩበት ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ነበር» አለች። «ማመን ቀለለኝና አመንኩት። አሁን እየወጣሁ ነው፤ በሞተር ሃያ ደቂቃ ነው። እስክደርስ ከስልኩ አይለዩዋቸው።»

ከዚያ እናንተ ጋ ደወልኩ። ያው እሱ አነሳው።

«አክስቴ! ስለ ባነሩ ከሆነ አወረዱት ብዬ ጽፌልዎት የለ?»

«ፒልሱንን ስጠኝ።»

«ምን ጉዳይ ነው ልበላት?»

«ምንም አትበላት። ስልኩን ስጣትና ራቅ በል።»

አልራቀም። ትንፋሹ ይሰማኛል። አሁን እሱ እላይሽ ላይ ቆሞ ምን ብዬ እጠይቅሻለሁ? ስለዚህ ነው «ፒልሱን፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ ቁጥር ብቻ በይ፤ ዘጠነኛውን ነው» ያልኩሽ። ከዚያ ዝም አልሽ። እኔ ሰው ሲያጣጥርም፣ ሲወልድም ቁጭ ብዬ የጠበቅሁ ሴት ነኝ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን ጠብቄ አላውቅም። ተቋረጠ ብዬ ልጮኽ ስል «ሁለት» አልሽኝ።

ከኋላሽ እሱ «ሁለት ምን?» አለ። «ሁለት ምኑ ነው? ጎመን ነው? ምንድነው?»

ያኔ አንቺ «አንተ ዝም በል!» አልሽው። «የተጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

ልጄ፣ እሱ ዝም አለ። ዱሺክ ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ቀጥሎ የሞተር ድምፅ መጣ፣ የግቢው በር ተከፈተ፣ ነርሷ ጫማዋን ስታወልቅ ሰማሁ። «ስልኩን አትዝጊው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው» ስልሽ እሺ አልሽኝ። እሷ ያንኑ ጠየቀችሽ፣ አንቺም ያንኑ «ሁለት» አልሻት፤ በሩ ተከፍቶ፣ እሱ እዚያው ቆሞ፣ ምንም ሳይስል። በኋላ እሱን ስልኩ ላይ አስጠርቼ የመጋዘኑን ቁልፍ ለነርሷ ስጣት ስለው «እሺ» አለኝ። ከ«እሺ» በኋላ ምንም አልጨመረም።

ነገ ሐኪሙ ያይሻል ብላኛለች፤ ዛሬ ማታ እሷ እናንተ ቤት ታድራለች። ሁለት ቀላል ቁጥር አይደለም፤ አላቃልልብሽም። ክኒኑ ገና ነው፣ ሐኪሙ ይለውጠው ይሆናል፤ ደግሞ ተሻለኝ ያልሽ ቀን ተመልሶ ይመጣብሽ ይሆናል። እኔም ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

ከዛሬ ጀምሮ በየዓርቡ በዚሁ ሰዓት እደውላለሁ። ሰላምታም አያስፈልግ፣ ስለ አየሩም አታውሪኝ፤ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ። ሦስት ከሆነ ሦስት በይኝ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ ዜሮ ለማለት አትቸኩይ።

አክስትሽ ኩምሬ